ሦስተኛው ገቢር

የመጨረሻው አውቶቡስ ከመንገዱ ማለቂያ አራግፎን ተመለሰ፤
አምስት ሰው፣ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ የመብራት ሣጥን፤ ጭቃው ጉልበት ደረሰ።
ሚያዝያ ነው ይላሉ፤ በረዶው ግን ገና ከጥዱ ሥር አልለቀቀም፤
እዚህ ኢስቶኒያ ጫፍ፣ ፀደይ ቀጠሮ ይሰጣል እንጂ ሰዓት አያውቅም።

የሰጡን ቤት በረት ነው። የጋራ እርሻው ሳይፈርስ
ሁለት መቶ ላም ይታለብ ነበር፣ ጨለማው ሲገፈፍ፣ ጨለማው ሲመለስ።
አሁን ሲሚንቶ ነው፣ የዛገ ቱቦ፣ የወተት ጋን ያለ ክዳን፤
በየጋጣው ራስ በነጭ ቀለም ስም አለ፤ ግማሹን ዝናብ ልሶት፣ ግማሹ የቀረልን።
ስድስት ሳምንት ፈቀዱልን፣ አልጋና ማገዶ ጨምረው፤
«አዲስ ተውኔት ይወለድ» ይላል ውሉ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ ነው።
እንደ ላም ነው ያሰቡን፣ ቀን ቆጥረው፣ ወሩን አስልተው።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። ስለዚህች መንደር ሞት አርባ አንድ ገጽ ይዤ መጣሁ፤
ከተማ ቁጭ ብዬ፣ ሳትታመም ቀበርኳት፣ ተዝካሯንም አወጣሁ።
ሁለት ገቢር ቆመ። ሦስተኛው እንቢ አለ፤
አዘጋጁ ሂላር ወለሉን በጠመኔ እየከፈለ ዋለ፤
«እዚህ ትቁም፣ እዚህ ትውደቅ፣ እዚህ መብራቱ ይጥፋ»፤
ትሪኑ ባዶ ባልዲ ይዛ ትወድቃለች፣ ክርኗ እስኪላጥ፣ ያለ ተስፋ።
በጽሑፌ ኅዳግ ላይ ሂላር በቀይ እስክሪብቶ
«እዚህ ጋ ማልቀስ አለባት» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ መስመር ጎትቶ።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ማይሙ ማገዶ በጋሪ ገፍተው መጡ፤
ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጋሪውን በር ላይ ትተው፣ ሳይጠሩ፣ ገብተው ተቀመጡ።
ሂላር ደስ አለው፤ ተመልካች እንደ ዝናብ ሲናፍቀው ከርሟል፤
ትሪኑ አለቀሰች። እውነተኛ እንባ ነው፤ አገጯ ላይ ወርዷል።
«ምን ሆና ነው?»
«ላሞቿ ሊሸጡ ነው፤ ማልቀስ አለባት።»
«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ማን ያለቅሳል፣ ላሚቱ ግቷ ሞልቶ ቆማ እያየቻት?
ማለብ ነው ያለባት።»

የመብራት ሣጥናችን ላይ ተቀመጡ፤ ባልዲውን በጉልበታቸው ያዙት፤
ግንባራቸውን አየር ላይ፣ ከማይታይ ጎን ላይ አስደገፉት።
ጣታቸው ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ሲዘጋ፣ ትንሿ ጣት ሲደርስ
ከባዶው ባልዲ ወተት ሲመታ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ባልዲው ሲሞላ የሚለሰልስ።
ከዚያ ቀና ብለው፣ ጽሑፉን ሳያዩ፣ ዝናብ የላሰውን ሁሉ ጠሩ፦
«ሙስቲክ። ሌሂክ። ፑኒክ፣ የረገጠችኝ። ማሲክ። ሁለተኛዋ ማሲክ…» ወደ በሩ።
ዘጠነኛው ጋጣ ላይ ቆሙ። ስሟ ጠፋባቸው።
ማንም አልተነፈሰም። ጣሪያው ያንጠባጥባል።
«ትመጣለች» አሉና ጋሪያቸውን ይዘው ሄዱ።

ያን ሌሊት ሠላሳ ስምንት ገጽ ምድጃው በላ፤
እንጨቱ እርጥብ ነበርና፣ ድርሰቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ፤ ሾርባ አፈላ።

በመጨረሻው ቀን አሥራ አንድ ሰውና አንድ ውሻ መጣ፤
ወንበር አነሰን፤ የሳውናው አግዳሚ ወጣ።
ትሪኑ አላለቀሰችም። አለበች። ስሞቹን ጠርታ ዘጠነኛው ላይ ቆመች፣
እንዳጠናነው፦ እስከ ሃያ ዝምታ፣ ከዚያ ጨለማ።
አሥራ ሁለት ላይ፣ ከኋላ፣ ትራክተር ነጂ የነበረው ኤልዱር
«ኪርሲ!» አለ። «ቀንደ ሰባራዋ ኪርሲ!»
«ኪርሲ የማዶው በረት ናት» አሉ ማይሙ ሳይዞሩ፤ «አንተ ያኔ ሰክረህ ነበር።»
ሦስተኛ ሰው ተነሣ፤ የሞተች የከብት ሐኪም ለምስክርነት ተጠራች፤
ውሻው ጮኸ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ውጭ ፀሐይ አልጠለቀች፣
ማን ይቸኩላል?

ራይቮ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ሂላርን አየ፤
ሂላር እኔን። እኔ የቀሩኝን ሦስት ገጾች
ተቀምጬባቸው ነበር።
እጄን አወዛወዝኩ፦ ተወው፤
ይብራ።