ከሰባት ቤት ወዲያ

ወገል ጤና፣ በየካቲት፣ ነፋስ ከበሽሎ ሲወጣ፣
መምህር አስናቀ ጠመኔ ይዞ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል መጣ።
«ዝግመተ ለውጥ» ብሎ ጻፈ፤ ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመረ፤
ጠመኔው ተሰብሮ ወደቀ፤ ሳቅን፤ ትምህርት ተጀመረ።

«ሰውና ዝንጀሮ» አለን፣ «በሩቅ፣ በጣም ሩቅ በሆነ ወገን…»
አላስጨረስነውም፤ የኋላው ወንበር ፈረሰ፤ ገበያ ሆነን።
ገብረ ኪሮስ፣ ዳዊት ደጋሚው፣ «በአርአያው ነው» ብሎ ተነሣ፤
ሉባባ እንድሪስ ሳትነሣ፣ «አደም ከጭቃ ነው፣ ቲቸር፤ እሱን አትርሳ።»

ሰይድ ግን፣ ሌሊት ኦፓል ሲቆፍር የሚያድረው፣
ጥፍሩ ሥር ነጭ አቧራ የማይለቀው፣
ከኪሱ ድንጋይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።
«እንጨት ነበር» አለ፤ «እዩት፤ ጅማቱ አሁንም ይታያል፤
ቅርፊቱም አለ፤ ግን ብትነክሰው ጥርስህ ይሰበራል።
እንጨት ድንጋይ እስኪሆን ስንት ዘመን ፈጀበት?
እኛን ምን አስቸኮለን?»
            ማንም አልመለሰለት።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት፤ ከት ብሎ ሳቀና፣
«ዘሩን ያልቆጠረ ነው» አለ፤ ጣቱን ዘረጋና
ጀመረ፦ «ይመር የሐሰን፣ ሐሰን የጓንጉል፣
ጓንጉል የወልደ ሥላሴ» — ሳይሰናከል ምላስ፣ ሳይቋረጥ ቃል፣
ከመስጊድ ደብር ተሻግሮ፣ ከደብር መስጊድ ተመልሶ፣
«ወልደ ሥላሴ የአሊ፣ አሊ የብሩ፣ ብሩ የአምባዬ» — ሰባተኛው ጣት ላይ ደርሶ
ቆመ።
      «ከአምባዬ ወዲያስ?» አልኩት።
«ከዚያ ባዕድ ነው፤ መጋባት ይቻላል» ብሎ መዳፉን አጠፈ።
መብራት ጠፋ።
እኔ በጨለማው ውስጥ ስምንተኛ ጣት ስፈልግ አደርኩ።

ሐሙስ ወላጅ ተጠራ። ሼህ ኑርዬና ቄስ መርሻ መጡ፤
በመቃብር ድንበር የተኳረፉት ባንድ አግዳሚ ተቀመጡ።
«ልጆቻችንን ወደ ገደል አትመልስብን» ሲሉ ሼሁ፣
ቄሱ «አሜን» አሉ፤ ደንግጠውም ራሳቸው ሳቁ።
አንዱ ገበሬ ከበሩ ላይ፦
«‹መጀመሪያ መቀመጫዬን› ብላለች ዝንጀሮ፣ እሾህ ሲነቅሉላት፤
ግማሹ ልጅ መሬት ነው የሚቀመጥ፤ ወንበሩ ይቅደም ከአያት!»

«እኔም አስቀድሳለሁ» አለ መምህሩ፣ «ሠሪውን መች ካድኩ፤
ሥራው ስንት ዘመን እንደፈጀ፣ ድንጋዩን ነው የጠየቅኩ።»
ሼሁ ፂማቸውን ዳሰሱ። ለቄሱ አልተዋጠላቸው።
ማንም ማንንም አልረታ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው
«ወንበር ይጠገን» የሚል ነው።

እናቴ ስብሰባ አልሄደችም። ከአፋፉ ሣር ታጭድ ነበር።
አንዲት ጭላዳ፣ ደረቷ ቀይ፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ቀርታ፣
የሞተ ልጇን ታቅፋ
— ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ደርቋል —
ጠጉሩን ትፈታታለች፣ ቅማል ትለቅምለታለች፣
ነገ እንደሚነሣ ሁሉ።
እናቴ ማጭዷን አኖረች።
አምና የቀበረችውን፣ ስም ሳይወጣለት የሄደውን፣
አላነሣችም።
የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ገልብጣ፣
ራቅ ብላ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ተቀመጠች።

ማታ አባቴ «የት ዋልሽ?» ቢላት፣
«ለቅሶ» አለች።
«የማን?»
እሳቱን ቆሰቆሰች።
«ዘሯን አልጠየቅኋትም።»

አባቴ ጣቶቹን አያቸው። አልቆጠረም።

በሰኔ ጥያቄው መጣ፤ እንደ መጽሐፉ ጻፍኩ፤ ሙሉ ማርክ አገኘሁ።
ሰይድ አልተፈተነም።
ድንጋዩን ደሴ ወስዶ ሸጦታል አሉ፤
እንጨት እንደነበር ለገዢው ይንገረው፣ አይንገረው፣
እንጃ።