ምዕራፍ ሦስት

መጽሐፉ ይላል፦ «ለሥራ መዘጋጀት፤ ራስን ማስተዋወቅ፣
የቀጣሪን ዐይን እያዩ፣ ሳይርበተበቱ መጠየቅ።»
እንግዳወርቅ ዐይን ይፈራል፤ ስሙን ሲጠሩት ይሸሻል፣
የደብረ ብርሃን ውርጭ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ የሹራቡን ክር ይዳስሳል።

ገጹን ዘለልሁት።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ደጅ፣ ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ለምኜ
ወለሉ ላይ ዘረገፍሁለት፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ።
ሻካራው ወደ ግራ። ለስላሳው ወደ ቀኝ።
«መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በቃ»፤ ሦስት ሥዕል በካርቶን፣
«በቃ» ብቻዋን ፈጀችን፣ መስቀልን አልፋ ገናን።

በሚያዝያ አለቃው መጡ፣ አቶ ጥላዬ፣ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ።
«ይሰማል?»
«ይሰማል።»
«ታዲያ የት አለ መልሱ?»
እኔ ቃል ስፈላልግ፣ ልጁ ተነሣ በዝግታ፣
ለናሙና ያመጡትን ብርድ ልብስ እጥፋቱን ፈታ፤
ጠርዙን በጣቱ ተከትሎ ሄደ፣ ሄደና
አንዲት የላላች ክር ላይ ቆመ።

አቶ ጥላዬ ጎንበስ አሉ። መነጽር ከኪሳቸው።
«ይቺን እኮ ሦስት ተቆጣጣሪ አልፏታል…» ዝቅ አለ ድምፃቸው።
«ሰኞ ይምጣ። ግን እኔ… እንዴት ነው የማናግረው?»

ካርቶኖቹን ከግድግዳው ነቅዬ ሰጠኋቸው።
«በቃ»ን ቀስ ብለው ይልመዷት፣ አልሁ፤
እኛም ላይ ቆይታለች።