ኖራ

ሁለት በርሜል ኖራ ነበረኝ በጓዳ፣
የልጄን የሊስቤትን ሠርግ ላሰናዳ፤
ቤቴን ነጭ ላለብስ ከጣራ እስከ ደፉ፣
የሆርን ሰዎች ሁሉ ቆመው አይተው እንዲያልፉ።

ለፋፊው ግን መጣ ገና ሳይነጋጋ፦
«ኖራ ያለው ኖራ! ሬንጅ ያለው ሬንጁን!
የእስፓኝ ሹም በመርከብ መጥቶ ወደቡን ዘጋ!»
ወጥተን አየናት፣ እንደ ደብር ገዝፋ፣
በሄሪንጉ ውኃ ላይ ጥላዋን አንጥፋ።
«ስሟስ?» ብለን ጠየቅን። «መርማሪት» አሏት።
ሣቅሁ በዚያ ጭንቀት፤ ምን ቀረን ለማየት?
ከአሥር አንዱ ሳንቲም ተወስዶ አልቋል፤
ጸሎታችን ታይቷል፣ አልጋችን ተገልጧል፤
ወንድሜ እንኳ ሞቶ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ተፈትሿል።
የቀረን ምንድን ነው? የዓሣ አጥንት፣ ጨው፣
ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ እኛ ብቻ የምናውቀው።

ሌሊቱን እኔና ሊስቤት በኩራዝ
ኖራውን በገንቦ ስንሞላ፣ አፉን በጨርቅ ስንይዝ፣
እጃችን ተላጠ። ልጄ ሲብራንት መጣ፣
ገንቦዎቹን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ።
ገንቦ ይሰበራል አልሁ እንጂ በልቤ፣
የት እንደሚሰበር መች ገባኝ አስቤ?

ከግድቡ አናት ቆምን፤ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ውሻ፤
ፊት ባሕር፣ ኋላ ባሕር፣ የለንም መሸሻ።
ጎረቤቴ ቬይንትዬ ካልሲ ትሠራለች፣ ዓይኗ ከማዕበሉ ሳይነቀል፤
መርፌዋ አንድ ዙር አልሳተም፤ ልጇ ሲመለስ ብርድ ይሆናል።
ጢሱ ይቀድማል፤ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤
በመሐል ያለችው ዝምታ፣ እሷ ናት ነፍስ የምታወጣ፤
«የማንን?» እያለ የእናት ሁሉ ከንፈር
ይንቀሳቀስ ነበር።

አንድ ጊዜ ነፋሱ የኖራዬን ሽታ ይዞ መጣ።
አወቅሁት፦ የፀደይ ሽታ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ጎረቤት ሁሉ ብሩሽ ይዞ ሲወጣ።
ከሽታው ኋላ ጩኸት ነበረ፤ የእስፓኝ ይሁን የኛ፣
ጩኸት ቋንቋ የለውም፤ አስተርጓሚ አላሻንም እኛ።

ጀልቦቻችን እሷ ላይ እንደ በሬ መዥገር
ተጣብቀው፣ እየጎተተቻቸው ስትዞር፣ ስትዞር፣
ቀኑ መሸ፤ ሌሊቱም በእሳት ነጋ።
በነጋታው ነፋስ ዞረ፤
አሸዋው የመርማሪትን ሆድ ያዘ፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ አልጋ።
ትልቅነት ጥልቀት ይሻል፤
የኛ ባሕር ጉልበት ድረስ ነው፣ ድሀ ብቻ ያሻግራል።

ደወል ተደወለ። የቬይንትዬ ልጅ አልመጣም፤ ካልሲው ግን አልቆ ነበር።
ሰንደቋን የቆረጠውን ሌላ ሰው ያውራላችሁ፤ እኔ ያለኝ ሌላ ነገር፦

ምርኮኞቹ አለፉ በደጄ፣ በገመድ ታስረው፤
አንዱ አሥራ ሰባት ቢሞላው ነው፣
ጢም አላወጣም። ዓይኖቹ ነጭ፣ ቅንድቡ የነደደ፣
«አጓ፣ አጓ» እያለ ግድግዳዬን እየዳሰሰ ሄደ።
ቋንቋውን አላውቅም፤ ውኃ ማለቱ ግን ገባኝ።
ጠባቂውን ለመንሁት፤ ደፌ ላይ አስቀመጠልኝ።
ውኃ አልሰጠሁትም፤ ኖራ ውኃ ካየ ይነዳል፤
በተልባ ዘይት ነው የሚጠረግ፣ ግድግዳ የቀባ ያውቃል።
ጠረግሁለት። ነጭ ወጣ። ጠረግሁለት። ደግሞ ነጭ።
እጄን ይዞ ሳመው፣ የማን እጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ያ ልጅ።
እኔም አልነገርሁት።

ሊስቤት ተዳረች ባልተቀባ ቤት።
ሲብራንት ስለ ባሕሩ አያወራም፣ በቀንም በሌሊት።
ከተማው ብድሬን መለሰ፣ በርሜሉን በልኩ ሞልቶ፤
ዘንድሮም ጓዳ አለ፣ ክዳኑ ሳይነሣ ቀርቶ።
መንገዱ ዳር ያለው ቤት ሁሉ እንደ ወተት ያበራል፤
የኔን ያየ አላፊ «ትሪን ሰነፈች» ይላል።
ይበል።
«እንዴት ኖረች?» ብሎ የጠየቀ ካለ፣ ይህችን አደራ፦
ግድግዳዋ ሳይነጣ፣ በሰው ዓይን ኖራ።