የግራው ክዳን

ከማገዶው ኋላ ሸራ ደርባ ተኝታ፣
ወንበሯን ቦርቡራ አይጥ ልጆች አፍርታ፣
ዐሥራ ሦስት በረዶ አለፋት ያባቴን ያዋ፣
ድምፅ ሳይወጣት፣ ሳይጨስ ማርሚታዋ።

ብረት ገዢው ሰውዬ ሁለቴ ጠይቆኝ መጣ፣
ሁለቴም ከደጄ ባዶ እጁን ወጣ።
በኅዳር አጋማሽ፣ ጭጋግ ትሬቢችን ሲውጥ፣
ጎትቼ አስገባኋት ከጋራዤ ውስጥ።

ሰርባቶዮዋን ኮምጣጤ ሞልቼ ሳምንት አሳደርኩት፣
ጠጠርና ሰንሰለት ጨምሬ እንደ ቅል ናጥኩት፤
የወጣው ውሃ ቀይ ነበር፣ እንደ ጡብ አፈር።
የካርቡራተሩን ቀዳዳ፣ ታፍኖ ሲያጣጥር፣
በክር ወጋሁት፣ በቀጭኗ፣ ከቬንዱላ ጊታር።

ልጄ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ። ባትሪ ትይዝልኛለች፣
ስለ ትምህርት ቤት ስጠይቃት ግን ብርሃኑን ታያለች።

ያዋ ጠባይ አላት፤ አንዲት ናት እግር መርገጫዋ፣
ያው ብረት ማርሽ ይቀይራል፣ ያው ብረት ነው ማስነሻዋ።
አባቴም እንደሷ ነበር፤ ለቁጣውም ለፍቅሩም አንድ ዝምታ፣
የትኛው እንደሆን የሚገባህ ቆይቶ፣ ማታ።

አንድ ቅዳሜ የግራውን ክዳን ቡሎኖች ፈታሁ፤
አምስተኛው ላይ ካቻቢቴ ተሰበረብኝ፤ ተሳደብሁ፤
በላስቲክ መዶሻ ዳር ዳሩን ነካካሁ።
ተከፈተ። ጥቁር ዘይት እስከ ክንዴ ፈሰሰ።
ጓርኒሲዮኑ የፋብሪካ አልነበረም፤
ወረቀት ነው፣ ወፍራም፣ በዘይት የራሰ።

ጫማ ፋብሪካ ነበር የሠራው፤ የቆዳ መብሻ ነበረው፤
የቡሎኖቹን ቀዳዳ በልክ በስቶታል፤ ጠርዙ እንደ ሶል የጠራ ነው።

በጨርቅ ጠረግሁት። ብቅ አለ የታተመ መስመር፤
«ሒሳ»፣ ከዚያ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ወዲያ ቁጥር።
አምስት።
በኛ አገር አንድ ነው የጎበዝ፤ አምስት የወዳቂ።
ከታች የመምህሬ ፊርማ ጅራት፣ የስሜ ግማሽ ቀሪ፣ ደቃቂ።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። ንፋስ ወሰደው አልኩ፣ ከድልድዩ ላይ፤
ማልሁ እንኳ፣ ዐይኔን ሳላርገበግብ፣ ወደ ሰማይ።
ቀብሬው ነበር ከማገዶው ሥር፣ ከታችኛው ረድፍ።
እሱም «እሺ» አለ፤ ሾርባውን ጠጣ፤ ሌላ ቃል አላወጣም ከአፍ።

ከኋላው ወገቡን ታቅፌ ስንሄድ ስንት ዓመት፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ገበያ፣
ከግራ እግሬ አጠገብ ነበረ፣ ውሸቴ፣
ዘይት እንዳያፈስ፣ መከለያ።

ወረቀት የጠፋበት ቀን ነበር? ዕቃ የታጣበት ዘመን?
አላውቅም። ቀልድ ነበር? ቅጣት? ምሕረት ይሆን?

«ምንድን ነው?» አለች ቬንዱላ። «ወረቀት ነው» አልኋት፤
«አዲስ መቁረጥ አለብን። ቦርሳሽ ውስጥ
የማትፈልጊው ወፍራም ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።
ባትሪው ተንቀጠቀጠ፤ የሰንሰለቱ ጥላ ግድግዳው ላይ ዘለለ።
«ልፈልግ» አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተባለ።

ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ከፒንሳው ሥር፣
ሁለቴ የታጠፈ፤ የማኅተም ጥላ በጀርባው እንደ ጭረት ቀርቶ ነበር።

አልገለበጥኩትም።

የክዳኑን ዙሪያ በእርሳስ ነደፍኩ፤ ባባቴ መብሻ በሳሁ፤
ቅባት ቀብቼ ለጠፍኩት፤ ቡሎኖቹን ከዳር ዳር እያማተብኩ አጠበቅሁ።
አሮጌውን የት እንዳኖርኩት አልናገርም።

መጋቢት ላይ ተነሣች፣ በዘጠነኛው ርግጫ።
ወይዘሮ ሽቴፓንኮቫ መስኮቷን ዘጋች፤
ለጭሱም ለኔም አንድ ላይ ነበር ግልምጫ።
የቀኙ ሲሊንደር አሁንም አንዳንዴ ይስታል፤
ፑንቲናው ነው መሰለኝ፤ ቅዳሜ ይታያል።

ቬንዱላ ከኋላዬ ወጣች። ወገቤን ያዘች።
ወደ ወንዙ ወረድን። ቆምን። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት፤
የግራው ክዳን ደረቅ ነው።