የተሰፋች ጀልባ

ቻሊያር ከባሕሩ በሚገናኝበት፣
ምስማር ተመትቶ በማያውቅበት ቤት፣
ኩንሂራማን ቁጢጥ ብሎ፣ ወስፌውን ነክሶ፣
የኮኮናት ገመድ በዘይት አለስልሶ፣
ሳንቃን ከሳንቃ ጋር እንደ ሸማ ይሰፋል።
ዝናቡ ባባራ ቁጥር ስፌቱ ይፈታል፤
የላላው ይመዘዛል፣ የነቀዘው ይጣላል።
ጀልባዋን ግን ዛሬም «የአያቴ» ይላታል።

ሄድቪግ ከጎቲንገን ይህን ሰምታ መጣች፣
ሠላሳ ዓመት ያስተማረችውን ጥያቄ አነሣች፦
«ከጥንቱ እንጨት አንድ እንኳ ቀርቷል?» «ምንም የለ።»
«ታዲያ ምኗ ነው የአያትህ?»
ገመዱን ስቦ ሣቀ፤
«አንቺስ በወተት ጥርስሽ ነው የመጣሽው?» አለ።

ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች። ያገሯን ሰዎች ነገረችው፤
አንዱ ሁሉን ተጠራጥሮ፣ ተጠራጣሪውን ቢያቅተው፣
«እኔ» በምትል አንዲት ምሰሶ ጎጆውን ያቆመው፤
ሌላው ያቺን ምሰሶ ሊያይ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ፣
ብርድ አገኘ፣ ቅናት አገኘ፣ የበር ሲጥታ፣ ሣቅ፤
ባለቤቱን ግን አጣ።
«እንግዳው ሞልቷል፣ ደጋሽ የለም» ብሎ ወጣ።

«የኛዎቹም» አለ፣ «ከዚህ አላለፉም።
አያቴ ኮኮናት ይልጥ ነበር፤ ‹ይህ አይደለሁም›
ብሎ ቃጫውን ጣለ፤ ቅርፊቱን፣ ‹ይህም›፤
ነጩን ሥጋ ፍቆ ፍቆ፣ ‹አሁንም አይደለሁም፤
ውሃው ግን በሁሉም አንድ ነው፤ እኔ ማለት እርሱ!›
ከሲሎን የመጣ ጎረቤት ነበረው፣ የቡድሃ ሰው እሱ፤
ውሃውን ተቀብሎ ግጥም። ‹አሁንስ?› አለው።
እስኪሞቱ ተሟገቱ።
‹አይደለሁም› ያለው ቃጫ፣ ይኸው፣ የምሰፋበት ነው።»

ሄድቪግ ዝም አለች።
ባለፈው ክረምት፣ ካሰል ባለው የአረጋውያን ቤት፣
እናቷ «ነርሷ አንቺ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።
የልጇ ስም የለም፣ የራሷም ስም የለም።
ግን ልትሄድ ስትነሣ፣ እነዚያ ጣቶች፣ ማንም ሳያዛቸው፣
የካፖርቷን የላይኛ ቁልፍ አገጯ ሥር ቆለፉላት፣
እንደ ሰባት ዓመቷ፣ እንደ ትምህርት ቤት ጠዋት።
ማን ነበር የቆለፈው?

ይህን አልነገረችውም።
ከባሕር ነፈሰ። በእኛ አፍ ነፍስና ነፋስ ካንድ ግንድ ናቸው፤
ማን ከማን እንደተበደረ እስካሁን አልለየንም።
«ያዢልኝ» አላት፣ ጫፉን። ያዘች።
«ጥብቅ!»
ሳበች። ገመዱ መዳፏን ላጠው፤
አልለቀቀችም።