የጉማሬው ፊርማ

ከዋናው ገበያ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
እጄን ኪሴ ከትቼ ከቸርኬ ሱቅ ስገባ፣
የኋላ ግራዬ በሌሊት ተፈቶ
ኮሮላዬ ድንጋይ ላይ ቀርቷል ተጎልቶ።

"ምን ልታዘዝ?" አለኝ ባለሱቁ አንማው፤
"ሁሉም ኦርጅናል ነው፤ አንኳኳና ስማው።"

አንድ ቀን በሐምሌ ጎሚስታው ሞላልኝ
ጎማ እየለጠፈ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦
"ፊቱን አትመልከት፣ ፊት ቀለም ይቀባል፤
ገልብጠው፣ ከጀርባው ቁጥሩ ይነበባል።
ያባት ስም ነው ቁጥሩ፣ በእሳት የተጻፈ፤
ቅጂው ላይ ታየዋለህ ፊደል የተንሻፈፈ።
ደግሞም አንሳው በእጅህ፤ ቅጂ ይከብዳል፤
በራሱ የማያምን መደረብ ይወዳል።
ሲመቱት ያቃጭላል የነጠረው ብረት፤
ቅጂው ድም ብሎ ዝም፣ ከብት እንደሌለው በረት።"

እናም በቡሎን ጫፍ አንድ በአንድ መታሁ፤
ድም አለ፤ ድም አለ፤ ልሄድ ብዬ ወጣሁ።

ደጃፉ ላይ ግን አንድ፣ አቧራ የለበሰ፣
ስነካው ጮኸልኝ፤ ድምፁ ሐይቁ ደረሰ።
ገለበጥኩት፦ ቁጥሩ ልክ፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ፤
ጠርዙ ላይ ግን ጠባሳ፣ ጥፍር የሚያህል፣ አለ።

ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ።

ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ ሌሊት፣ በዝናብ ወራት፣
ጉማሬ ከወንዙ ወጥቶ ሣር ፍለጋ ለራት
መብራቴ ላይ ቆመ፤ ግድም የለው ከቶ፤
መሪዬን ስጠመዝዝ ቸርኬዬ ድንጋይ ነክቶ
ያለቀሰው ለቅሶ ይኸው እዚህ ቀርቷል፤
ይህን የጉማሬ ፊርማ የቱ ፋብሪካ ሠርቷል?

"ስንት ነው?" አልኩት አንማውን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
"ስምንት ሺህ። ኦርጅናል ነው።" "ነው" አልኩ፣ ሳቄን ሸሽጌ።
"ከየት መጣ?" "ከዱባይ!" አለኝ ሳያቅማማ፤
ዱባይ ለካ የእኔ ደጅ ናት፣ ማንጎ ሥር፣ በጨለማ።

ፖሊስ ልጥራ ብዬ፣ ዓይኑን ሳየው ተውኩት፤
ሰው ከጀርባው ቁጥር የለው፣ ገልብጬም አላየሁት።
ያውቅ ይሆን? ወይስ እሱም ተሸውዶ ይሆን?
ደረት ላይ አይሠራም፣ ብረት ነው የሚያውቀው ቡሎን።

ስድስት ሺህ ተኩል ቆጠርኩ። ደረሰኝ ጻፈልኝ፤
"ኦርጅናል" ብሎ ከሥሩ በቀይ አሰመረልኝ።

ከዚያ በዘንባባው ጥላ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ፣
የራሴን ንብረት ገዝቼ እያንከባለልኩ ስሄድ፣
አንድ ልጅ ከሊስትሮ ሳጥኑ ቀና ብሎ
"ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው?" አለኝ፣ በዓይኑ ተከትሎ።

ምን ልበለው?
"ጉማሬውን ጠይቀው" አልኩት።