ሁለት ጣት

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣
ደጁ ዘንቦ ሲያባራ፣ መስኮቱ የሚያልብብኝ።
ከመታጠቢያው ቤት ጥግ፣ ከጣሪያው ማዕዘን፣
ጥቁር ሻጋታ አለ፣ ካርታ የሚመስል፣ የሌለው ወሰን።
ሁለቴ ቀባሁት፣ ነጭ ቀለም ገዝቼ፣
ሁለቴም በልቶት አደረ፤ አየሁት ነቅቼ።

ማራገቢያ አስገጠምኩ፣ ከመርካቶ፣ ትልቁን፤
ቀን ከሌት ቢያጓራም፣ አላወጣም እንፋሎቱን፤
ቆጣሪው ግን ሮጠ፣
የሞላሁትን ካርድ በሳምንት ዋጠ።

የሶሊያና ሳል ከረመ። "ብርድ ነው" እያልኩኝ
የበሩን ግርጌ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅኩኝ፤
የድሮውን የአየር ቱቦ፣
የጎረቤት ሽንኩርት፣ የጎረቤት ጠብ ሲያመጣብኝ ስቦ፣
በፌስታል ደፈንኩኝ።

ጉተማ የሚሉት ባለሙያ መጣ።
ከኪሱ ሶፍት መዘዘ፣ ስስ ገጹን ለይቶ፣
ጫማውን አወለቀ፤ ከወንበር ላይ ወጥቶ
ከማራገቢያው አፍ አስጠጋው። ሞተሩ ያጓራል፤
ወረቀቱ ግን ዝም፣ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

"ይሄ ጩኸት ነው፣ እቴ። አየር የት አባቱ!
መውጫ ሰጥተሽዋል፤ መግቢያ ነው እጦቱ።
ጀሪካን ስትደፊ ጉልቅ ጉልቅ የሚለው
ትንፋሽ ሲስብ አይደል፣ ውሃውን የሚለቀው?"

ጨርቁን ከስር ሳበው። በሩን ነቀለና
ከግርጌው በመጋዝ ቆረጠ፤
ሁለት ጣት፣ አልበለጠ።
ፌስታሉን ከቱቦው ሲመዘው
የስንት ዓመት አቧራ ጸጉሩ ላይ አረፈ፤
ከአቧራው ኋላ ድምፅ። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ልጅ ማባዛት ያጠናል፦
"ሰባት ጊዜ ስምንት... ሰባት ጊዜ ስምንት..."
ጠፋበት።

"ሃምሳ ስድስት!" አለች ልጄ ከአልጋዋ ላይ፣
መሃል ላይ አስሏት፣ ስድስቱን ሁለቴ ጀምራ።
ቱቦው ዝም አለ ጥቂት።
ከዚያ፦ "ማነሽ አንቺ?"

ጉተማ ሳቀ። "አጥፊው ማራገቢያውን፤
ገላ ስትታጠቡ ብቻ ክፈችው፣ ለሩብ ሰዓት።"
አጠፋሁት። ጆሮዬ ባዶ ሆነ።
ሶፍቱን እንደገና አነሳው፤
ከየረር በኩል የመጣው ንፋስ
በሳሎኑ አልፎ፣ በሁለት ጣት ሾልኮ፣ ደርሶ ይሁን እንጃ፣
ወረቀቱ ቀስ ብሎ፣
ሰው ስሙን ሲጠሩት ዞር እንደሚል፣
ወደ ቱቦው ዘመመ።

ሻጋታው እዚያው ነው።
በረኪናና ብሩሽ ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ እወጣበታለሁ።
ፌስታሉን ግን አልጣልኩትም፤
አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣
እስከ ዛሬ ስንት ትንፋሽ እንደቋጠረ
አንድ ቀን ለልጄ እንድነግራት።